ሞተሩን የማያጠፋው ሾፌር

ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ የእህቴን ቤት ደረጃ ተላመደው ወይስ አሁንም ያጉረመርማል? እህቴ ጠነከረች? አራስ ልጠይቅ ብለሽ ሄደሽ፣ ይኸው የአራሷ ልጅ ጥርስ አበቀለ ብለሽ ጻፍሽልኝ። እንግዲህ አጥንት እስኪቆረጥም ድረስ እዚያው ልትጠብቂው ነው? እኛ ደህና ነን። ደህና ያልሆነው መኪናው ብቻ ነው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የእህቴ በር ላይ ያለው ዛፍ ሐምራዊ አበባውን እያራገፈ ጠዋት ማታ መጥረጊያ አስይዞሻል። እሱ ሳያንስ ደግሞ እሑድ እሑድ ከሰዓት አንድ ባለጌ ሾፌር ከአጥሩ ወዲያ እየቆመ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ አጥበሽ ያሰጣሽውን የሕፃን ጨርቅ በጭስ ያጠቁርብሻል። ልክ ልኩን ልትነግሪው በሩን ስትከፍቺ ነድቶ ይጠፋል። እኔም ስላንቺ ተናድጄ፣ ለሚቀጥለው እሑድ አንድ ባልዲ ውሃ አዘጋጂለት ብዬ ልጽፍልሽ ብዕር አንሥቼ ነበር። ደግነቱ ሥራ በዛብኝና ሳልጽፍ ቀረሁ።

ሥራ ያበዛብኝ ያው ጉደኛ መኪናችን ነው። ስሙን ስጠራው ፊትሽ እንደሚጠቁር አውቃለሁ። የአክስቴን ልጅ ሠርግ ዕለት መቼ ረሳሁት! እኔ ከሙሽሪት ጋር ቀድሜ ደርሼ ደጅ ላይ ቆሜአለሁ። አንቺ አዲሱን ቀሚስሽን ለብሰሽ ስትመጪ፣ መኪናው አዳራሹ ፊት ለፊት ቀጥ አለ። አባዬ መሪውን እንደያዘ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጠንከር አድርገሽ ግፊ እንጂ እያለ ይጮኻል፣ ሠርገኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። በስተመጨረሻ ሞተሩ ተነሣና ያንን ጥቁር ጭሱን ቀሚስሽ ላይ ለቀቀው። ወይ እኔ ወይ ይህ ጭሳም አልሽ። አባዬም ይቅርታ ማለት ከብዶት፣ መኪናው ምን አጠፋ ብሎ አረፈው። የእህቴ መውለድ ጥሩ ሰበብ ሆነልሽና ሻንጣሽን አነሣሽ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የመኪናው ሕመም መልኩን ቀየረ። ሰኞ ጠዋት በመጣ ቁጥር አልነሣም ይላል። አንዱን ሰኞ ባትሪው ባዶ ሆኖ ማስነሻው ሞተሪኖ አንዴ ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። ሌላውን ሰኞ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይቀበልም፤ የናፍጣው መስመር አየር ገብቶበታል። ቅዳሜ ናፍጣ ሞልቼበት የነበረው ሰርባቶዮ ሰኞ ደርቆ አገኘዋለሁ። የናፍጣው ጌጅ እንደሆነ ግማሽ ላይ ከቆመ ዘመን የለውም። አባዬ አሁንም እንደ ድሮው መኪናውን በትከሻው ነቅነቅ ያደርግና ጆሮውን ጥሎ ናፍጣው ሲንቦጫረቅ ያዳምጣል። ሞልቷል ይለኛል። ጆሮው ራሱ እንደ ጌጁ ግማሽ ላይ መቆሙን ማን ይንገረው?

ጎትተን እኔ የምሠራበት ጋራዥ ወሰድነው። የናፍጣ ፖምፓ ባለሙያውን ጋሽ ፖምፓን ታውቂያቸዋለሽ። የእኛን ሙያ ደንብም ታውቂያለሽ፤ የፖምፓ ሰው ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው ይላል፣ እንደኔ ያለ የኤሌክትሪክ ሰው የነዳጅ ነው ይላል፣ ባለመኪናው መሀል ላይ ያረጃል። ጋሽ ፖምፓ ገና ኮፈኑን ሳይከፍቱ ይሄ የአንቺ ነው አሉኝ። እኔም የናፍጣ ፊልትሮውን ሳላይ የእርስዎ ነው አልኳቸው። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል፣ አንቺ ዓይኑን ይዘሽ ቀረሽ ብለው ሳቁብኝ።

ያም ሆኖ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብለን ጀመርን። እሳቸው ከሰርባቶዮው እስከ ሞተሩ ያለውን ጎማና ማሰሪያ በጣታቸው ዳሰሱ፤ አየሩን አስወጡ፤ ጠብ የሚል ናፍጣ የለም። እኔ ዲናሞውን ለካሁ፤ ባትሪውን ደህና አድርጎ ይሞላል። መፈተሻ አምፖሌን አገናኝቼ ፊውዙን በየተራ ነቀልኩ፤ በስውር ባትሪውን የሚመጥ ነገር የለም። ታማሚው ሕመም የለውም! ጋሽ ፖምፓ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ ልጄ፣ ይህ ናፍጣ አልፈሰሰም፣ ተነድቷል አሉኝ። እንግዲህ ከመኪናው ይልቅ ሾፌሩን መመርመር ሊኖርብኝ ነው።

ሾፌሩን ስጠይቀው እሑድ ጎማ ላስነፋ ነው የወጣሁት አለ። ጎማ ለማስነፋት ግማሽ ቀን! ምን ዓይነት ጎማ ነው ስለው ቀስ ተብሎ ሲነፋ ነው የሚበረክተው አለኝ።

በማግስቱ እራት ልጠራው ወደ ግቢው ብወጣ፣ መኪናው ውስጥ መብራት አብርቶ ተቀምጧል። ያወራል። እኔ እኮ ያን ዕለት… ይልና ይቆማል። ጉሮሮውን ይጠርግና እንደገና ከመጀመሪያው። ፊቱን ያዞረው ወደ አንቺ ወንበር ነው። ወገብሽን ይወጋሽ የነበረው ሽቦ፣ ስንት ዓመት ስትነግሪው ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው፣ ተነቅሎ ወንበሩ በአዲስ ስፖንጅ ተሠርቷል። ከማን ጋር ነው የምታወራው ስለው ከመኪናው ጋር አለኝ። ምን መለሰልህ ስለው ገና ነው አለኝ። አንጀቴን በላው፣ እማዬ። መብራቱን ሳያጠፋ ተከትሎኝ ገባ። እኔም የባትሪውን ጉዳይ እዚያው ላይ ዘጋሁት።

የናፍጣውን ደግሞ ትናንት መኪናውን መልሼ ጋራዥ ወስጄ ደረስኩበት። የፊቱን መስታወት ላጸዳ የዝናብ መጥረጊያውን ብድግ ሳደርግ፣ ሥሩ ያለውን ጎድጓዳ ሐምራዊ አበባ ሞልቶታል። ገና አልደረቀም። የእኛ ሰፈር ዛፍ አበባ ቀርቶ ቅጠል እንደሚሰስት አንቺም ታውቂያለሽ። ደብዳቤሽን ከኪሴ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ኮፈኑን ተደግፌ ብቻዬን ስንፈቀፈቅ ጋሽ ፖምፓ መጡ። አበባውን አሳየኋቸው፤ ደብዳቤሽንም አነበብኩላቸው። ይሄስ የእኔም አይደለም፣ የአንቺም አይደለም አሉና ኮፈኑን ዘጉት።

መኪናው አሁን ተሠርቷል። ጋሽ ፖምፓ የናፍጣ መርጫዎቹን አጽድተው ጭሱን አስተዉት። ጌጁን እኔ አዲስ አስገባሁለት። ቅዳሜ ሰርባቶዮውን ለመሄጃም ለመመለሻም እሞላዋለሁ፤ በመልስ ጉዞ ሰው ሊበዛበት ይችላል ብዬ። ለአባዬ ምንም አልነገርኩትም። ቤቱ ግን ያለ አንቺ አልሆነልንም። ድምፅሽ ናፈቀን፤ ቁጣሽም ሳይቀር። እኔም ናፈቅሽኝ።

ያን ባለጌ ሾፌር በተመለከተ፣ ባልዲውን ተይው። ሞተሩን የማያጠፋው ከብልግና ላይሆን ይችላል። አንዳንድ ሰው ካጠፋሁት አልነሣ ይለኛል፣ ሰው ፊት አፍራለሁ ብሎ ይፈራል። በዚህ እሑድ በጓሮ በኩል ዞረሽ ውጪና መስኮቱን አንኳኪለት። ተቆጪው፤ ያበሳጨሽን ሁሉ አንድ ሳታስቀሪ ንገሪው። ጆሮው ሳይደክም አይቀርምና ጮክ በይ። እሱም የሚለው ነገር ካለው አስጨርሺው፤ ብዙ የተለማመደበት ይመስለኛል። ከዚያ ሞተሩን አጥፋ በይው።

ለእህቴና ለባለ ጥርሱ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እግርሽን እንቅፋት አይምታው፣ ምርቃትሽም ከላዬ አይራቅ።

ሽቦ ስትፈታ የዋለችው ልጅሽ

መኪናውን ስፈትሸው በአንድ ቁልፍ ተነሥቷል። እንደ አመሉ እምቢ ካለ ግን፣ በዚህኛው ዙር መሪውን አንቺ ያዢ። ይግፋ እሱ።