የማንጠግቦሽ ማለፊያ

ለምወድሽ እህቴ ለታየች፤

እንዴት ነሽልኝ እታለም? የጅግጅጋ አየር እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? ደመላሽስ፣ ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ጤፉም ለአጨዳ ደርሷል። ጎረቤታችን ማንጠግቦሽ እንዴት ሆነች ብለሽ ነበርና ከእሷ ልጀምርልሽ።

ጨጓራ ነው እያልን ተልባ ስናጠጣት የከረምነው ክሮንስ የሚባል አንጀት የሚያቆስል በሽታ ኖሯል። እሷን የያዛት ከላይ ነው፤ ጨጓራዋንና ከሥሩ የሚቀጥለውን አንጀት። መድኃኒት ብትወስድም ጠባሳው መተላለፊያውን አጠበበውና ሆዷ አፉ እንደታሰረ ስልቻ ሆነ። የትናንት እህል ዛሬ ይመለሳል። ያቺ ደልዳላ ሴት ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም አለ። እህል ፈርታ ሰው ቤት መሄዱንም ተወችው።

ባሕር ዳር ሐኪሞቹ ኦፕራሲዮን ሲሏት፣ በሽታውን ቆርጣችሁ ትጥሉልኛላችሁ ወይ አለቻቸው። አንጥለውም፣ ጨጓራሽን ዝቅ ብሎ ካለው ጤነኛ አንጀት ጋር አገናኝተን ለምግቡ ማለፊያ እንሠራለታለን፣ መድኃኒቱንም ትቀጥያለሽ አሏት። እሷ ደግሞ፣ ካልወጣልኝ ሆዴን ምን ሊያዩበት ይከፍቱታል ብላ እንቢ! ባሏ ዋኘው ለምኖም አልቅሶም እሺ አሰኛት።

አሁን ጉዳችንን ስሚ። ዋኘው ለእናቷ ለእማማ ፋንታነሽ ደወለ፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። የማለፊያው ተራ ደረሰላት፣ ጠዋት ትገባለች ማለቱ ነው። እማማ የሰሙት ግን «ማለፊያዋ ደረሰ» የሚለውን ብቻ! ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ልጄን! ልጄን!» እያሉ ወጡ። እኔም ምኑንም ሳልጠይቅ ደረቴን እየደቃሁ ተከተልኩ። ጌታሰው የእድሩን ጥሩምባ ይዞ ብቅ ሲል ስልኩ እንደገና ጠራ። ዋኘው ጩኸቱን ሰምቶ፣ ማን ሞተባችሁ አለ። ብንነግረው ጊዜ ጮኸብን፤ የምግቡ ማለፊያ እኮ ነው የምላችሁ፣ እሷ እዚሁ ተቀምጣ እየሰማቻችሁ ነው አለ። ማንጠግቦሽም ስልኩን ነጥቃ፣ «ጌታሰውን ጥሩምባህን አስቀምጥ በሉት፣ ገና ነኝ» አለች። ሳቅን። እማማ ግን በደህና ወጣች እስኪባሉ ድረስ እህል አልቀመሱም።

ወጣችልን እታለም! አሁን ቤቷ ገብታለች። በሽታው ጨርሶ ስላልሄደ መድኃኒቱም ቀጠሮውም አለ፤ በትንሽ በትንሹ ብይ ተብላለች። የበላችው አይመለስም። ፍርሃቱ ግን አለቀቃት፤ ጉርሻውን አፏ ውስጥ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። አካሏ ድኖ ልቧ እህልን ከጠላ ምን ዋጋ አለው?

ለደመላሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። የኔው አወቀ ሰላም በያት ብሎኛል። ልጄ ትንቢትም ለአክስቴ እኔ ልጻፍላት እያለች በእስክሪብቶዬ ስትጣላኝ ነው የዋለችው። እማማ ፋንታነሽም መርቀውሻል።

ዛሬ ማንጠግቦሽን ጠያቂ በዝቶላት ዋለ። አባ ወልደ ሩፋኤል መጥተው፣ መጪውን ጾም እንዳትጾም ገዝቻታለሁ ብለው ሄዱ። ጌታሰውም ማር ይዞ መጣ፤ ጥሩምባ ነፊ ባዶ እጁን ከመጣ ያስፈራል ብሎ አሳቀን። እኔም ወደ ቤቴ ተመልሼ ይህን ስጽፍልሽ በሩ ተንኳኳ። ማንጠግቦሽ ናት፤ አጥሩን ይዛ ብቻዋን መጥታ። ምነው፣ ምን ሆንሽ ብላት፣ «አንቺ ዘመናይ፣ ምን የሚበላ አለሽ? ራበኝ» አለችኝ።

እህትሽ ዘመናይ
ቁይ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.