የፉሪው መንገድ ችካሎች

ይድረስ ለወንድሜ ለኮርሳ፣ ድሬዳዋ።

የድሬ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ያንገበገበን ይሄ መንገድ ብቻ ነው።

ፉሪን ከሀይሌ ጋርመንት ያገናኛል የተባለው መንገድ በጀት ተፈቀደለት ሲባል ሰፈሩ እልል ብሎ ነበር። ቀያሾች መጥተው ችካል ተከሉ። በማግስቱ አባዬ ችካሎቹን ነቅሎ አምጥቶ ግቢያችን ውስጥ በሰልፍ ተከላቸው። እነሱ መልሰው ወሰዱ፤ እሱ መልሶ አመጣ። አሁን ደግሞ ልኬቱ ስላላለቀ በጀቱ ለከርሞ ዞሯል ተባለ። ስብሰባው ላይ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያፈጥጠው እኔ ላይ! ጎረቤታችን ተናኘማ፣ «ካሳ እንዲጨመርላችሁ ነው አይደል?» አለችኝ። መንገዱ እኮ አጥራችንን እንኳ አይነካም! ምን ብዬ ልመልስላት?

በመጨረሻ ዋናው ቀያሽ ራሱ ቤታችን መጣና፣ «አባባ፣ ለምንድን ነው የሚነቅሉብን?» አለው።

አባዬ ሳቅ ብሎ፣ «ጥጃዎቹን ላስርበት ነው፤ ሲያድጉ ትወስዱታላችሁ» አለው።

ሰውየው ድሮ በረታችን በነበረበት ቦታ ላይ የቆሙትን የኪራይ ቤቶች አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ሻይ ላምጣ ብዬ ገባሁ።

ጎረቤቱም ይጠይቀኛል፣ ቀያሹም ይጠይቀኛል፣ እኔ ብቻዬን ስንቱን ልመልስ? እረፍትህን ግን ለገና አታቆየው፤ አሁኑኑ ጠይቅ።

በል ደህና ሁንልኝ፣ ጤናህን ጠብቅ።

እህትህ ኦብሴ

አባዬም ሰላም በይልኝ ብሏል። ዝናቡ ሳይመጣ ላሞቹን ይዘህ ግባ ብሏል።