ሬዲዮኑን ከፍ አድርግ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ስፌቱም አለ። ሰሞኑን የተማሪዎች ዩኒፎርም ስለበዛብኝ ቁልፍ ስተክል ነው የምውለው። ዓይኔ ክር ማስገባት እምቢ ስላለኝ ጎረቤቴ ባትሪ ጠዋት ጠዋት እየመጣች መርፌዎቹን ሁሉ ክር አስገብታልኝ ትሄዳለች። አፏ አያርፍም ብለህ ባትሪ የሚል ስም ያወጣህላት አንተ ነህ። ለውለታዋ ወሬዋን ቁጭ ብዬ እሰማላታለሁ። ከመርፌው ይልቅ የሚያደክመኝ እሱ ነው።

ይህን የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። እስከ ዛሬ የደረሱህን ደብዳቤዎች የሚጽፍልኝ ጡረተኛው መምህር ነበር። የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገብቼ ማንበብ ከቻልኩ በኋላ፣ ሳይላክ የቀረ አንድ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁ። እኔ «ተናድጄበታለሁ በልልኝ» ያልኩትን እሱ «ናፍቄሃለሁ» ብሎ ጽፎታል። ሄጄ ጠየቅሁት። «እትዬ፣ እናት ለልጇ እንደዚያ ብላ አትጽፍም» አለኝ። እንግዲህ ትጽፋለች።

በስልክ ያልነገርኩህ በስልክ ስለምታለቅስ ነው። ስታለቅስ የምለው ሁሉ ይጠፋኛል። እዚህ ላይ ግን አታቋርጠኝም።

ሚስትህ እኔ ዘንድ ነበረች። አጎትህ ባለፈው እሑድ ሊፈልጋት ሲመጣ አላየኋትም ብዬ ዋሽቼዋለሁ። ጓዳ ውስጥ ትንፋሿን ውጣ ቆማ ነበር።

የመጣች ዕለት «ልጠይቅሽ ብዬ ነው» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ሙቀት እጅጌው እስከ አንጓዋ የሚደርስ ሹራብ ለብሳለች። እኔም አልጠየቅኋት፣ እሷም አልነገረችኝ። ቤቱን ስትጠርግ፣ ሳህን ስታጥብ፣ ዩኒፎርም ስትተኩስልኝ ሰነበተች። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከጎኔ ሰው ሲተነፍስ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የስፌት መኪናውን እየረገጥኩ ዜናው አልሰማ ስላለኝ እጄን ዘርግቼ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት። የምታጥበው ሳህን ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። ዞር ስል የግድግዳው ጥግ ላይ ተኮራምታ ጭንቅላቷን በሁለት ክንዷ ሸፍናለች።

«ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አልኳት።

ክንዷን ሳታወርድ «እሱ መጀመሪያ ሬዲዮኑን ነው ከፍ የሚያደርገው» አለችኝ።

ጉልበቴን ረስቼ መሬት ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

አባትህ ድምፁን እንኳ ከፍ አድርጎ አይናገርም ነበር። «ሂድ፣ ሬዲዮኑን ከፍ አድርግ» ይልሃል። ቁመትህ ስለማይደርስ በርጩማ እየጎተትክ ነበር የምትወጣው። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የባትሪ እናት የራሷን ሬዲዮ ከፍ ታደርግልኝ ነበር፣ ጩኸቴ ተሰምቶ እንዳላፍር ብላ። ክፋት አልነበረም። የግቢው ሴቶች ሁላችንም አንዳችን ለአንዳችን የምናደርገው ነበር። በማግስቱ ውሃ ስንቀዳ «የትናንቱ ዘፈን ደስ ይል ነበር» እንባባላለን። እንስቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

አንተ ያኔ ልጅ ነበርክ፣ ታዘህ ነው። በዚያ ተቀይሜህ አላውቅም። አሁን ግን ማን አዘዘህ?

አጎትህ እሑድ ዕለት ሲሟገትልህ ነው የዋለው።

«ሥራ ካጣ ወዲህ እኮ ነው። እሷ የትኬት ቢሮው ኃላፊ ሆነች፣ እሱ ቤት ተቀመጠ። ወንድ ልጅ ይህን እንዴት ይችለዋል?»

«ሴት ልጅስ ስንቱን ቻለችው?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! መጠጥም ጀምሯል። የጠጣ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል?»

«አባቱስ፣ ወንድምህ፣ ጠብታ ቀምሶ ያውቅ ነበር? አንድ ቀንስ ከሥራ ቀርቶ ያውቃል?»

ቆቡን አድርጎ ሲነሳ «በስተርጅና ፊደል ቆጥረሽ ምላስ አወጣሽ» አለኝ።

«ምላሱስ ድሮም ነበረኝ፣ የሚሰማኝ ነው ያጣሁት» አልኩት።

ልጄ፣ ሥራ ማጣትህ እንደጎዳህ አውቃለሁ። አሠሪህ የነበረው የብየዳ ቤቱ ባለቤት ሰው ሰብስቦ እንደሰደበህ፣ ያን ዕለት ጠጥተህም እንደነበር ራስህ ነግረኸኛል። ግን እሱን አልመታኸውም። እጅህን ኪስህ ከትተህ ወጣህ። ታዲያ እጅህን መያዝ ታውቅበታለህ። እሷ ፊት ስትደርስ ነው የማታውቅበት? ደግሞስ ስልኳን መበርበሩ፣ እህቷ ዘንድ እንዳትሄድ መከልከሉ፣ ከሥራ እስክትወጣ ቢሮዋ በር ላይ ተገትሮ መጠበቁ፣ ይህ ሁሉ ሥራም ሳታጣ፣ መጠጥም ሳትጀምር የነበረ ነው። «ስለሚወደኝ ነው እል ነበር» አለችኝ። እኔም እንደዚያው እል ነበር።

የባትሪ አፍ አላርፍ ብሎ ወሬው ደረሰህ መሰለኝ። ትናንት ደውለህ «ቅዳሜ ከአጎቴ ጋር መጥቼ እወስዳታለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ ጫማም ገዝቼላታለሁ» ብለህ አለቀስክ። አባትህ ሻርፕ ነበር የሚገዛልኝ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ እስካሁን አሉ፣ አንዱንም ለብሼው አላውቅም። ግን ሻርፕ በመጣ ቁጥር ታርቄአለሁ።

እሷ ዛሬ ጠዋት ሄደች። አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሸኘኋት። ልትሳፈር ስትል «እማዬ፣ የምሄድበትን ልንገርሽ» አለችኝ። አፏን በእጄ ያዝኩት።

«እንዳትነግሪኝ።»

ደነገጠች፤ ያስቀየመችኝ መስሏት እንባዋ መጣ። አቅፌ ሳምኳት እንጂ ምክንያቱን አልነገርኳትም። አውቶቡሱ ግንባር ላይ የከተማው ስም በትልቁ ተጽፏል። ድሮ ቢሆን ትክ ብዬ ባየውም አያሰጋኝም ነበር። አሁን ዓይኔ ሳልፈልግም ያነባል። ስለዚህ አውቶቡሱ ዞሮ እስኪወጣ ድረስ ጫማዬን ሳይ ቆየሁ። በመስኮት እጇን ታውለበልብልኝ እንደሆነ እንኳ አላየሁም።

ምክንያቱን ለአንተ ልንገርህ። ቅዳሜ መጥተህ፣ ጭንቅላትህን ጉልበቴ ላይ ጥለህ፣ አንዴ «እማ» ካልከኝ ከአፌ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ላንተ እምቢ ማለት ችዬ አላውቅም። እምቢ ማለት ስለማልችል ነው አለማወቅን የመረጥኩት።

አሁን ቤቱ ጭር ብሏል። የተኮሰችው ዩኒፎርም ተደርድሮ ወንበሯ ላይ ተቀምጧል፤ ላነሳው አስቤ ተውኩት።

ይህ ደብዳቤ ነገ በሰው እጅ ይደርስሃል፤ ቅዳሜ ከመጣህ አጎትህን ትተህ ብቻህን ና። አልጋህ ተነጥፏል። ስለ እሷ ብትጠይቀኝ መልስ የለኝም። ስለ ራስህ፣ ያን በርጩማ ስትጎትት ሆድህ ውስጥ ምን እንደነበር ብትነግረኝ ግን እስኪነጋም ቢሆን እሰማሃለሁ። እሷ ከሌለች ለምን እደክማለሁ ብለህ ብትቀርም አልፈርድብህም። መቅረትህን ለምጄዋለሁ።

ፈጣሪ ልቦና ይስጥህ። የምትሠራበት እንጂ የምትመታበት እጅ አይስጥህ። እሷንም የትም ትሁን የት ይጠብቅልኝ።

እናትህ