ሐኪሙ እስኪያየኝ

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

ጠዋት ሰባ ስምንት፣ አራት ጊዜ ዘለለ። ማታ ሰማንያ አራት፣ ዘጠኝ ጊዜ ዘለለ። ከጎንደር ደብዳቤ አልመጣም።

የክሊኒኩ ድሬሰር አቶ ተፈራ ባዋሰኝ የእጅ ሰዓት የደም ስሬን ትርታ በቀን ሁለት ጊዜ ቆጥሬ እንድጽፍ ካዘዘኝ ዛሬ ሃያ ሁለተኛ ቀኔ ነው። መጀመሪያ የምጽፈው ቁጥር ብቻ ነበር። ብዙ ዘመን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የኖረ እጅ ግን ቁጥር ጽፎ አያርፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልቤ ይሄድ ይሄድና አንድ እርምጃ ይስታል። ከዚያ የሳተውን ሊክስ ይመስል ደረቴን አንድ ጊዜ ይመታኛል። አቶ ተፈራ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ይኼ ከኔ አቅም በላይ ነው» አለኝ። የማያውቀውን አላውቅም ማለቱን ወደድኩለት። በዚያው ልክ ፈራሁ።

የልብ ሐኪም የሚገኘው ጎንደር ነው። እሱም የውጭ አገር ሰው ነው፤ ክረምት ሳይገባ ለሁለት ሳምንት መጥቶ ይመለሳል፣ ከዚያ እስከ መስቀል ማግስት የለም። ስሜ ተልኳል። ቀን ከሰጡኝ እሄዳለሁ። ካልሰጡኝ ወንዞቹ ሞልተው እስኪጎድሉ እዚሁ መካነ ኢየሱስ ተቀምጬ መቁጠር ነው።

የተከለከልኩት፦ ጨው፣ ቡና፣ ዳገት፣ ንዴት፣ ድንጋጤ። የመጨረሻውን አቶ ተፈራ የነገረው ለባለቤቴ ለየሺ ነው። እኔ እዚያው ተቀምጬ፣ «ድንገተኛ ነገር እንዳይሰማ» አላት። የሺ ለጎረቤት ነገረች። ጎረቤት ለአገር ነገረ።


ዓርብ፣ ግንቦት 9

ጠዋት ሰባ ስድስት፣ ሦስት ጊዜ ብቻ። ደብዳቤ የለም።

ፍርድ ቤቱ ጸጥ ብሏል። በመሬት ወሰን የሚካሰሱ ሁለት ወንድማማቾች መጯጯህ ሲጀምሩ ዳኛው በዓይናቸው ወደኔ ጠቆሟቸው። ከዚያ በኋላ እንደ ንስሐ በሹክሹክታ ተካሰሱ። ግማሹን ቃላቸውን ስላልሰማሁት ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው። ሲወጡ ከሳሹ ጠጋ ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ።

በቅሎ የሚያከራየው ጎረቤቴ አያሌው በደህና ጊዜ ሳይሰድበኝ አይውልም። ዛሬ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ዝም አለኝ።

«ምነው፣ ታመምክ?» አልኩት።

«አንተን ለመስደብ አሁን የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል» አለ።

ሳቅን። እኔ ስቄ ሳልጨርስ ግን እሱ ጨርሶ ነበር። መሬት መሬት ያያል።

የምፈራውን ልጽፍ ሞከርኩ። ሞትን ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። የምፈራው ልቤ በሳተና መልሶ በመታኝ መካከል ያለችውን ቅጽበት ነው። በዚያች ቅጽበት ማን እንደሆንኩ አላውቅም።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 10

ደብዳቤው መጣ። ሰኞ ግንቦት 19 ጠዋት ጎንደር ሆስፒታል እንድገኝ ይላል። አቶ ተፈራ ከፖስታ ቤት ድረስ እየሮጠ አመጣው። ሁለት ቀን በበቅሎ እስከ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ጎንደር። ሐሙስ ብንነሳ እንደርሳለን።

ደስታዬን ለታላቅ እህቴ ለአበበች ልልክላት ወደ ገበያ ወረድኩ። አበበች ወገዳ፣ ስማዳ ውስጥ ናት። መንገዱ ክፉ ስለሆነ በዓመት አንዴ ብንተያይ ነው። ቃሏን የሚያመጣልኝ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ባቄላና ገብስ ጭኖ የሚመጣ ነጋዴ ነው። መልእክቷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ይብላ፣ ከስቷል አሉ።»

ነጋዴውን ከሩቅ አየሁት። አየኝ። የያዘውን ስልቻ ጥሎ ሰው መሀል ገባ። አህያዋ እዚያው ቆማ ቀረች። ጥቂት ጠበቅኩት፣ አልተመለሰም። ምን እንደበደልኩት አላውቅም።

የሺ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ አስራ ዋለች። ራሷን እንደሚያማት ነገረችኝ። ማታ ሰማንያ፣ አምስት ጊዜ።


እሑድ፣ ግንቦት 11

ጠዋት አልቆጠርኩም። ከቅዳሴ በኋላ ልቆጥር ሞክሬ አልቻልኩም፤ ቁጥሩ እየጠፋኝ አራት ጊዜ ጀመርኩ።

በቅዳሴ ላይ የነፍስ አባቴ ቄስ ሞላ የሙታንን ስም ሲያነሱ ከመጨረሻ «ወለተ ኪዳን» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ሳል አስመስለው ቀጠሉ።

አበበችን አገር የሚያውቃት በአበበችነቷ ነው። የክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን ነው።

ወለተ ኪዳን የተባለች ሴት በኛ አገር በእስቴ ብቻ ስንት ናት። ይኼን ለራሴ ነገርኩት። ከዚያ የጸሐፊ ልማዴ መጣና ያለውን ማስረጃ በተርታ አስቀመጠው፦ ያመለጠኝ ነጋዴ፣ የአያሌው ዓይን፣ የየሺ ሻሽ። ቤት ስንገባ ሻሿ ከኋላ ተንሸራቶ ነበር። ለፋሲካ የተሠራችው ሹሩባ የለም፤ ፈትታዋለች።

ምሳ ቀረበ። የሺ እያየችኝ ነበር። በላሁ።


ሰኞ፣ ግንቦት 12

ከሚካኤል ቅዳሴ ሲወጡ ጠብቄ ቄስ ሞላን አገኘኋቸው። ለመንገዴ ጸሎት ለመንኳቸው። ከዚያ፣ «አባ፣ ትናንት ያነሷት ወለተ ኪዳን የማን ናት?» አልኳቸው።

መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ወለተ ኪዳን ብዙ ናት።»

«የዚህ አጥቢያ ናት?»

«አይደለችም።»

«የስማዳ?»

«ልጄ፣ ሐኪሙ እስኪያይህ በሰው ፊት አልናገርም ብዬ ለሚስትህ ቃል ሰጥቻለሁ» አሉኝ። «በእግዚአብሔር ፊት ግን ስሟን ሳላነሳ መቀደስ አልቻልኩም። ጆሮህ እንዲህ ቀጭን መሆኑን ረሳሁት።»

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግንብ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ።

«እንዳላወቀ መሆን ኃጢአት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አሁን ብታለቅስ ምን ይሆናል?»

ነገርኳቸው። ለቅሶ ከተጀመረ ቤቴ በሰው ይሞላል። ከዚያ ወገዳ መሄድ አለብኝ፤ ወንድሟ ሆኜ ልቀር አልችልም። በዚህ መሀል አሥራ ዘጠኝ ያልፋል። ከዚያ እስከ መስቀል ነው። የሚያለቅሰውም ሰው ሁሉ የሚያየው ደረቴን ነው።

«እንግዲያው ታከምና አልቅስ» አሉ። «ሙት አይቸኩልም።»

ማታ ዘጠና አንድ። የዘለለውን መቁጠር ተውኩ።


ረቡዕ፣ ግንቦት 14

የሺ ስንቅ ታሰናዳለች። ለስንቅ ብላ ማድቤት ስትገባ ትቆያለች። ዛሬ ተከትያት ገባሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ጉልቻው አጠገብ ተቀምጣለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ምን ሆነሻል?»

«ጭሱ ነው፣ አንተ ሰው። ውጣ፣ ላንተም አይሆንህም።»

እሳቱ አልተያያዘም። ወጣሁ።

አበበች ለየሺ እንደ አማትም እንደ እናትም ነበረች። ሁለታችንም አንዲት ሴት ሞታብን በአንድ ጣሪያ ስር ተደባብቀን እንኖራለን። እሷ የምትደብቀው ለኔ ልብ ብላ ነው። እኔ የምደብቀው እሷ ተሳካልኝ ብላ እንድታርፍ ነው። ማናችን ይበልጥ እንደምንደክም አላውቅም።

እናታችን ስትሞት እኔ አራት ዓመቴ ነበር። አበበች ገና ልጃገረድ ሆና አሳደገችኝ። ሊያገቧት የሚሹ ሰዎች ሲመጡ፣ «ይኼን ልጅ ይዤ ነው የምመጣው» ትላቸው ነበር። ሁለቱ ተመልሰው ሄዱ። ሦስተኛው ወሰደን።

ይኼን ጽፌ ቆጠርኩ። ሰማንያ ስምንት፣ አሥራ ሁለት ጊዜ።


ዓርብ፣ ግንቦት 16፣ ደብረ ታቦር

ደረስን። እኔ በበቅሎ፣ የሺ በእግር ነው የመጣነው፤ ቁልቁለቱን ብቻ ተለዋወጥን። በቅሎዋን የሰጠን አያሌው ነው፤ ራሱም እየነዳ አብሮን መጥቷል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያዘንና ወንዙ ገና ከጉልበት በታች ሳለ ተሻገርን። ከኛ በኋላ የመጡት ማዶ አደሩ።

ዛሬ ጠዋት ከወዲያ የሚመጡ ሽማግሌ መንገድ ላይ አገኙን። ከስማዳ ያውቁኛል። በቅሎዬን ልጓሟን ይዘው አቆሙና ቆባቸውን አወለቁ።

«እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ» አሉኝ።

የሺ ከኋላ እየሮጠች መጣች። «አሜን አባቴ፣ አሜን! በሬ ሞቶብን ነው።»

ሽማግሌው አዩዋት። አያሌውን አዩት። አያሌው በቅንድቡ አንድ ነገር ነገራቸው።

«ጥሩ በሬ ነበር» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «እንደሱ ያለ በሬ በስማዳም አልነበረ።» ልጓሙን ለቀቁልኝ።

ጥቂት እንደሄድን፣ «የትኛው በሬ ነው?» አልኩ።

«ቀዩ» አለች የሺ።

«ሐሙስ ስንነሳ ቆሞ ሲግጥ አይቼው ነበር።»

«ከተነሳን በኋላ ነው» አለ አያሌው። «ስትሄድበት ጊዜ ነው የሞተው።»

ሳቅ መጣብኝና ከሳቁ ጋር ሌላው ነገር አብሮ ሊመጣ ሆነ። በቅሎዋን ኮርኩሬ ቀደምኳቸው።


እሑድ፣ ግንቦት 18፣ ጎንደር

አልጋ ቤት ነን። ነገ ነው። ሰባ ዘጠኝ፣ ስድስት ጊዜ። ልቤ መንገዱን ከፈራሁት በላይ ቻለው። ያልቻለው ቁጭ ማለቱን ነው።

ሐኪሙ ባይመጣስ? ቢመጣና ወረፋው ባይደርሰኝስ? አይቶኝ ምንም የለህም ቢለኝስ? የመጨረሻው ለምን እንደሚያስፈራኝ አልገባኝም።


ሰኞ፣ ግንቦት 19

አየኝ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተሰልፈን በአምስት ሰዓት ገባን። ሐኪሙ ሽበታም ነው፤ እጁ ቀዝቃዛ ነው፤ አይቸኩልም። አስተኝቶኝ ክንዴና እግሬ ላይ ገመድ አሰረ፤ ከአንዲት መሣሪያ ውስጥ ወረቀት እየተጎተተ ወጣ። የሰው ቃል ስጽፍ ነው የኖርኩት። ልቤ የራሱን ቃል ሲሰጥ ዛሬ አየሁ። የሚስትበት ቦታ ባዶ ነው፤ ቀጭን መስመር ብቻ።

ከዚያ ጥያቄ ጀመረ። አስተርጓሚው ከጠረጴዛው ጥግ ቆሞ ይተረጉማል። ዕድሜ። ትምባሆ። በልጅነት መገጣጠሚያ የሚያሳብጥ ትኩሳት ታምመህ ታውቃለህ? አባትህ በምን ሞተ?

«እህት ወንድም አለህ?»

«አንዲት እህት።»

«በሕይወት አለች?»

የሺ ቀደመችኝ። «አለች» አለች።

አስተርጓሚው ሊተረጉም አፉን ከፈተ። እኔ፣ «ሞታለች» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። የሺን አላየኋትም። ሐኪሙ ግን እኔንም እሷንም ተራ በተራ አየ።

«በምን ሞተች?»

«አላውቅም» አልኩ። «የምታውቀው እሷ ናት።»

የሺ ሻሿን ወደ ቅንድቧ ሳበች። ከዚያ ለሐኪሙ ሳይሆን ለኔ ነገረችኝ። አበበች ከገበያ ተመልሳ መደብ ላይ ቁጭ እንዳለች፣ «ልቤን» ብላ ቀረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ልቧ ይዘልባት ነበር። ለኔ እንዳትነግረኝ የሺን አስምላታለች። «ይደነግጣል፣ እሱ ልጅ ነው» ብላ።

አስተርጓሚው ይኼን ሁሉ ተረጎመ። ሐኪሙ ብዕሩን አንስቶ ጻፈ። ስለኔ ከጻፈው ሁሉ ይልቅ ስለሷ የጻፈው ረዘመ። ደግሞ ጠየቀ፦ ራሷን ስታ ታውቅ ነበር? አባታችሁስ ሲሞት ቁጭ እንዳለ ነው? አዎን፣ አባታችንም ቁጭ እንዳለ ነው፤ እስከ ዛሬ አያይዤው አላውቅም።

ሲጨርስ ሐኪሙ ያለውን አስተርጓሚው እንዲህ ብሎ ነገረኝ፦ «ይኼን ባትነግሩኝ ኖሮ ቀለል ያለውን መድኃኒት ሰጥቼ እመልስህ ነበር ይላል። አሁን ግን ከነገ ጀምሮ የምትወስደው ሌላ ክኒን ሰጥቶሃል፤ እስከ ዓርብ ቆይ፤ በየቀኑ ያይሃል።»

ልቤ ይድናል አላለም። አይድንም አላለም።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 20

በማለዳ የሺ ቀሰቀሰችኝ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከአልጋው ፊት ቆማለች።

«እህትህ አበበች አርፋለች» አለችኝ።

«አውቃለሁ እኮ።»

«ማወቁን ታውቃለህ። አልተነገረህም ግን።»

ተነስቼ ተቀመጥኩ። እንደ ደንቡ እንደገና ነገረችኝ፦ ቀኑን፣ የተቀበረችበትን ደብር፣ የቀበሯትን ሰዎች ስም። አለቀስን። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ድምፅ ሰምታ ገባች፣ ማን እንደሞተ ጠየቀች፣ ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ ለማታውቃት ሴት አብራን አለቀሰች። ሦስት ሰው ብቻ የተቀመጠበት ለቅሶ አይቼ አላውቅም።

ሲበቃን ሰዓቱን አንስቼ ቆጠርኩ። የሺ ትንፋሿን ይዛ ታየኛለች። ሰማንያ ሁለት፣ ሰባት ጊዜ ዘለለ።

አገር ሁሉ የፈራው ቀን ይኸው ነው። እየሄደ ነው፤ እየሳተም ቢሆን። የሐኪሙን ክኒን ከቁርስ በኋላ እጀምራለሁ።