የመሰላሌ እውነተኛ ዕድሜ

ነሐሴ 11 ቀን፣ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ

ለልጄ ልጅ፣ ለመሰላሌ፣

እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከወገቤ በታች ያለውን ካልቆጠርነው። የላክልኝ ወረቀት ደርሶኛል። ደርሶኝም ተናድጃለሁ። ሰላምታዬን አሳጥሬ ንዴቴን ባስረዝም አትቀየመኝ። በስልክ ቢሆን «እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ» እያልክ ታቋርጠኝ ነበር፤ የደብዳቤ ደግነቱ መልስ አይሰጥም።

ሌላ ጊዜ የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ነርሷ ናት። ዛሬ አልጠራኋትም። ይሄን ነገር በሰው እጅ አላስጽፈውም። ስለዚህ ፊደሌ ሲንጋደድ አንተም አብረህ እየተንጋደድክ አንብብ። ሦስት ዓመት የማታ ትምህርት ቤት የተመላለስኩት ለካ ለዚህ ኖሯል።

መጀመሪያ ወኪልህ። ያ ሰውዬ አራት ጊዜ ደወለልኝ። አራት! አንተ በዓመት የማትደውለውን እሱ በሳምንት ደወለ። «እማማ፣ ከታች ምልክት አድርጌበታለሁ፤ እዚያች ላይ ብቻ ይፈርሙልን» ይለኛል።

«ምንድን ነው የሚለው ወረቀቱ?» አልኩት።

«ፎርማሊቲ ነው።»

«ፎርማሊቲ ምን ማለት ነው?»

«ያው... ፎርማሊቲ ነዋ እማማ!»

ይሄን ሰው ደሞዝ ትከፍለዋለህ? እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ስተኩስ የኖርኩ ሴትዮ ነኝ፤ የታጠፈ ነገር ሲሰጡኝ ሳልገልጥ አላልፍም። ገለጥኩት። መነጽሬን ሰካሁና በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። «እኔ ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግኩት አያቱ፣ የልጅ ልጄ በዚህ በዚህ ዓመት መወለዱን አረጋግጣለሁ» ይላል። አረጋግጣለሁ! አያትህ ደሞ ምኑን ነው የምታረጋግጠው? ያንተ ደብዳቤ ከላዩ ተያይዟል፤ አራት መስመር። መጽሐፍህን የሚጽፈው ጋዜጠኛ የድሮ ትምህርት ቤትህ መዝገብ ላይ ሌላ ዓመት አግኝቶ ነዘነዘህ። ስምህን በክብር አዳራሽ ሊያኖሩ ያሉትም ሰዎች ይሄን ሰምተው ካሳደገህ ሰው ማረጋገጫ ፈለጉ። «አንቺ ከፈረምሽ ነገሩ ይዘጋል፤ ትንሽ ነገር ናት» ብለሃል።

አዎ ትንሽ ናት። ሁለት ዓመት ናት።

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ስለዚች ነገር አንድ ቀን አውርተን አናውቅም። በልተን ጠጥተን፣ ስቀን ተኳርፈን፣ እሷን ግን እንደ ተኛ ውሻ በሩቅ ዞረን እናልፋታለን። ዛሬ አላልፋትም።

ትዝ አይለኝም እንዳትለኝ ብቻ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ሜዳ፣ ያ መረብ የሌለው ቅርጫት፣ አሰልጣኙ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ። አስራ አንድ ልጅ መርጦ አንድ ቦታ ቀረው። ሁለት ልጅም ቀረ፣ አንተና ስፕሪንግ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ከመሬት ሲነሳ ስፕሪንግ ያስገቡበት ይመስል ስለነበር እናቱ እንኳ ስሙን ትታው ስፕሪንግ ነበር የምትለው። አንተ በቁመት፣ እሱ በዝላይ። ሰውዬው ጭንቅላቱን አከከ፣ አከከ፣ «እነዚህ እኩል ናቸው፤ በዕድሜ የሚያንሰውን ልውሰድ፣ እሱ ገና ያድጋል» አለ።

የስፕሪንግን እናት ጠየቃት። «አስራ አምስት» አለች። እውነቷን ነው። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

አንተ አስራ ስድስት ሞልተህ ነበር። የተወለድከው ድልድዩን ጎርፍ የወሰደው ክረምት ነው፤ አዋላጇን በጀልባ ነው ያሻገርናት፤ እርጥብ እጇን በኔ ሻሽ ነው ያደረቀችው። ይሄ የሚረሳ ነገር ነው? እና እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ «አስራ አራት» አልኩ።

ማንም አልመከረኝም፣ ማንም አልገፋኝም። ዞሬ አንተን እንኳ አላየሁህም። «አስራ አራት? ይሄ ሁሉ ቁመት?» አለ ሰውዬው። «አባቱ እኮ ጎንበስ ሳይል በር ገብቶ አያውቅም ነበር» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተ አልሳቅክም፤ ዝቅ ብለህ የጫማህን ክር ማሰር ጀመርክ። የታሰረውን። ልብስ ሰፊዋም አልሳቀችም። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እስክትሞት ድረስ ጨርቄን ለሷ ሰጥቼ አላውቅም፤ ቤቷ ከቤቴ በአምስት በር ሳይርቅ፣ ቀሚስ ለማሰፋት ሁለት አውቶቡስ ስቀያይር ኖርኩ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር ያውቀዋል። በአስራ ስምንትህ፣ ማለቴ በሃያህ፣ አውሮፕላን ላይ ወጣህ። በሃያ ሁለትህ፣ ማለቴ በሃያ አራትህ፣ «ገና ይረዝማል» እያሉ በየወሩ ይለኩህ ነበር። የት ትረዝማለህ? ማደግህን ጨርሰሃል እኮ! እኔ እዚህ ሆኜ ልረግማቸው ስል ለካ የምረግመው ራሴን ነው። ሁለት ዋንጫ አነሳህ። ጨዋታህን በሙሉ ፀጉር ቤት ሄጄ ነው ያየሁት፤ ባለቤቷ ወንበር ታስለቅቅልኛለች፤ ሰዉ «መሰላል! መሰላል!» ሲል «ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አምፖል ያለ ወንበር ይቀይርልኝ ነበር» እላለሁ። ሰልችቷቸዋል፤ እኔ አልሰለቸኝም። ሕጉ ግን እስከዛሬ አልገባኝም። ከሩቅ የወረወረ ሦስት ይቆጠርለታል፣ ከቅርብ ሆኖ ሲጋፋ የዋለ ሁለት። አንተም ዘመድ ላይ ያመጣኸው ሕግ ይሄንኑ ነው፤ ሩቅ ያለው ወኪልህ ሦስት፣ ቅርብ ያለችው አያትህ ሁለት።

ከዚያ ጉልበትህ መጣ። ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ «ይሄ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ጉልበት አይደለም» አለኝ ብለህ በስልክ ስትነግረኝ ሳቅክ። እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውዬው ሙያውን ያውቃል፤ የሠላሳ ስድስት ዓመት ጉልበት ነበር። «ልጅ ነህ፣ ትችላለህ» እያሉ በቀን ሁለቴ ሲያስዘልሉህ «ኧረ ልጅ አይደለሁም» ማለት አትችልም ነበር። አፍህን የሰፋሁት እኔ ነኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ያንተን ጉልበት ሐኪም ያሸዋል፤ የኔን አፍ ማን ይሽልኝ?

እና ደግመሽ ዋሺ ትለኛለህ። ያኔስ ምላሴ ነው ያመለጠኝ፤ አሁን በስክሪፕቶ፣ ቁጭ ብዬ፣ መነጽር አድርጌ?

ሦስት ቀን ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ዞርኩት። ሻይ ሳፈላ ያየኛል፣ ስጠርግ ያየኛል። በአራተኛው ቀን ምርኩዜን አንስቼ ስፕሪንግ ጋ ሄድኩ።

ስፕሪንግ ጎሚስታ ሆኗል። አንተ ግን ታውቃለህ፣ ለምን እነግርሃለሁ። ዋናው መንገድ ላይ፣ በሩ ላይ አሮጌ ጎማ የተደረደረበት። አንድ የጭነት መኪና በክሪክ አንስቶ ብሎን ይፈታል።

«እንዴ እማማ! ጎማ ገዙ እንዴ?» አለኝ።

«ቀልድህን ተውና ቁጭ በል፣ የምነግርህ አለኝ።»

«የሰው መኪና አንጠልጥዬ? እየሠራሁ ይንገሩኝ።»

ቆሜ ነገርኩት። አሰልጣኙን፣ አስራ አራቱን፣ ሁሉንም። ያስቀረሁት የለም። ስጨርስ ቀና አላለም።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ከኔ አንድ ክፍል ቀድሞ እየተማረ እንዴት ነው በአንድ ዓመት የሚያንሰኝ? እማማ ደሞ! ክፍሉ ሁሉ ያውቅ ነበር። እናቴም ታውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለች?»

«እናት የለውም አለችኝ። አንተ እኔ አለሁህ፣ እሱ ከኳስ ሌላ ምን አለው አለችኝ።» ብሎኑን ቆርቆሮ ውስጥ ወረወረው። «ደግ ነበረች። ግን የሷ ደግነት በኔ ነበር።»

ምርኩዜን ወደ ሌላው እጄ አዛወርኩ። እሱ ግን አልጨረሰም።

«ባለፈው ዓመት ሲመጣ በዚህ አልፏል» አለኝ። «የመኪናው የኋላ ግራ ጎማ ተንፍሶ ቸርኬው አስፋልት ይልስ ነበር። የአየር ቱቦዬን ይዤ ወጥቼ ቆምኩ፤ አየኝ፤ አሁን ይቆማል ስል ነድቶ አለፈ። ድልድዩ ማዶ ሄዶ ነው ያስነፋው። እዚያ ያለው ጎሚስታ ጓደኛዬ ነው፣ ጎማውን ጨርሶት ነው የመጣው ብሎ ነገረኝ። እማማ፣ እኔ የሱን ቦታ አልፈልግም። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ብዘል ይሄን የጣራ ቆርቆሮ አልነካም። ግን ጎማ እኮ ነበር የምነፋለት።»

ልጄ፣ ያንን ስሰማ ልሰድብህ አፌን ከፈትኩ፤ ሁለቱ አውቶቡስ ትዝ ሲሉኝ ዘጋሁት። ከማን እንደወረስከው አውቃለሁ።

«እና ልፈርም ወይስ ልተው?» አልኩት። ሞኝ ነኝ፤ እዚያ ድረስ የሄድኩት «ይፈርሙ፣ ያለፈ ነገር ነው» እንዲለኝ ነበር። ይሄን ለራሴ ያመንኩት አሁን ስጽፍልህ ነው።

«ፊርማው የእርስዎ ነው» አለኝና ከመኪናው ሥር ገባ። እግሩ ብቻ ቀረ። እግሩን «ደህና ዋል» ብዬ ወደ ቤቴ መጣሁ።

አሁን ስማኝ። ወረቀቱን ከዚህ ጋር ታገኘዋለህ። ፈርሜዋለሁ። ወኪልህ ምልክት ባደረገበት ቦታ ላይ ነው የፈረምኩት፣ ደስ ይበለው። ዓመቱን ግን በሁለት መስመር ሰርዤ ድልድዩ የፈረሰበትን ዓመት ጽፌበታለሁ። ከሥሩም «ያኔ የተናገርኩት ውሸት ነው። የተናገርኩትም እኔ ነኝ። ልጁን የጠየቀው የለም» ብዬ ጨምሬያለሁ። ለመጨረሻዋ ቃል ቦታ ስላልበቃኝ ወደ ዳር ወጥታለች፤ ግን ትነበባለች።

ብትሰጣቸው ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም። ስምህን ላያኖሩት ይችላሉ። ጋዜጠኛውም ከሁለቱ ዋንጫ ይልቅ ሁለቱን ዓመት ሊጽፍ ይችላል። ፀጉር ቤት ያሉትም ያወሩብኛል፤ ያውሩ፣ ወንበራቸውን ይውሰዱ። እነዚያን ኳሶች እኔ አላስገባሁልህም፤ ላብህ ያንተ ነው፤ ከሱ ላይ አንዲት ጠብታ አልነካም። በሩን የከፈትኩበት ቁልፍ ግን የሰው ነበር፤ ይሄን ይወቁት።

ብትቀደውም እጅህን አልይዝም፤ ሩቅ ነህ። ሌላ ወረቀት ግን አትላክብኝ። አስር ብትልክ አስሩም ላይ ይሄንኑ ነው የምጽፈው። ወኪልህም አምስተኛ እንዳይደውል፤ አላነሳለትም። አንተ ራስህ ደውል፤ ልትቆጣኝም ቢሆን ደውል። ሁለተኛ ስትመጣ ደሞ ጎማህ ቢተነፍስም ባይተነፍስም ስፕሪንግ በር ላይ ቁም። የምትለውን እኔ አላዘጋጅልህም፤ እኔ ያዘጋጀሁልህን አየኸው አይደል።

በል እንግዲህ። ጤና ይስጥህ። ጉልበትህን ይማርልህ። ደረጃ ስትወጣ የሚደግፍህ፣ ስትወርድም የሚጠብቅህ ሰው አይጣልህ። ሌላ ጊዜ ስሰናበትህ «ዕድሜ ይስጥህ» ነበር የምለው፤ ነርሷ ሳልነግራት ትጽፈዋለች። ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ። ሁለቱን የወሰድኩብህ እኔ ሆኜ በምን ፊቴ ሌላ ልለምንልህ? መጀመሪያ የወሰድኩትን ልመልስ።

ባለፈው ሳምንት ሠላሳ ሰባት ሞላህ፣ ልጄ። እንኳን ተወለድክ።

አሳዳጊ አያትህ