የእማ ድመት ቁስል

ለእትዬ ዘይነባ፤ የአላህ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

ሰሞኑን ደብረ ታቦር ጉም ውጧት ከርሟል። የእማ ድመት እግሯ ቆስሎ፣ ጥርሷም ታሞ ከእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ወሰድናት። «ለሁሉም የሚበቃ ገንዘብ አልያዝንም» አልኩት።

«እንግዲያው ቁስሉ ይቅደም፤ ጥርሱ ይቆያል» ብሎ መርፌ ወጋት።

ለእማ ሳል መድኃኒት ያስቀመጥነውን ገንዘብ ነው የከፈልነው። «ለመድኃኒትሽ ይቆይ» ብላት፣ «እኔ ሲብስብኝ እናገራለሁ፤ እሷ አፍ የላት» ብላ እምቢ አለችኝ።

ዛሬ ድመቷ ወተት ጠጣች። እማም ደጅ ፀሐይ ላይ አቅፋት፣ ጉሙ ከጋፋት በኩል ቀስ እያለ ሲነሣ በሕልም እንዳለች ሆና ስታይ ዋለች። ድመቷን «ዘይነባ» እያለች ትጠራታለች። እኔም አላረምኳት።

እማ «ሰላም በይልኝ» ብላኛለች። ኢድን ሳንጠብቅ አላህ ያገናኘን።

እኅትሽ ሰሚራ