በሽሮፕ ጠርሙስ የተቀዳ ሻምፖ

ይድረስ ለልጄ ለነዒማ ሳልህ፣ ዱባይ።

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ፣ አንቺስ ጨቅላውስ እንዴት ሰነበታችሁ? እኛ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት በቀር አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

እናትሽ ልታርስሽ ሐሙስ ትበራለች። በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ ዕቃ ከመቶ ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም ብለውናል። እኔም ባዶ የሳል ሽሮፕ ጠርሙሶች አጥቤ፣ ሻምፖዋንና የፀጉር ቅባቷን ቀዳሁላት። ታዲያ ትናንት ፀጉሯን ታጥባ ቅባት ያልኳትን ብትቀባው አረፋ በአረፋ ሆነች! «አምፖሉ ደካማ ሆኖ ነው» አልኳት። «በቀትር?» ብላ ሳቀችብኝ። አሁን አሽትቼ ለየኋቸውና በቅባቱ ጠርሙስ አንገት ላይ ክር አሰርኩበት።

ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን ወይንሸት ናት፤ የእኔ ጽሑፍ መስመር እየለቀቀ አስቸገረኝ። ደብዳቤውን እዚያው ሻንጣ ውስጥ ታገኚዋለሽ። እናትሽ ማንበብ ስለማትችል በእጇ ብልክልሽ ግድ የለም።

ሦስት ወሯን ሳትጨርስ «አባትሽ ብቻውን ነው፣ ልመለስ» ብትልሽ እንዳትሰሚያት። እስከ መስጊዱ ያለውን እርምጃ ቆጥሬ ይዤዋለሁ።

አላህ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ፎቶውን ግን አትላኪልኝ፤ ሲያለቅስ ድምፁን ቅጂና ላኪልኝ።

አባትሽ ሳልህ